ሥራና ሠራተኛን ያገናኘው መሥሪያ ቤት፤ የእንግሊዝ አገር አጀማመር

ሥራ ፈላጊ በየደጁ እየዞረ ሥራ መለመኑ፥ አሠሪም በዘመድ ወይም በደላላ በኩል ሠራተኛ ማግኘቱ በብዙ አገር የቆየ ልማድ ነው። መንግሥት በሁለቱ መካከል ገብቶ ያለ ዋጋ ሊያገናኛቸው ይገባል የሚለው ሐሳብ ግን የቅርብ ጊዜ ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው ይህ ሐሳብ በእንግሊዝ አገር እንዴት እንደ ተጀመረና ከዚያ ወዲህ ምን እንደ ደረሰበት ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ነገሩ ከለንደን ወደብ ይነሣል። በ19ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ መርከብ አራጋፊዎች ማለዳ በወደቡ በሮች ላይ ይሰበሰቡ ነበር። አለቃው ወጥቶ ከተጋፋው ሕዝብ መካከል የሚፈልጋቸውን ይመርጣል፤ የተመረጠው ለጥቂት ሰዓት ሥራ ያገኛል፤ ያልተመረጠው ባዶ እጁን ይመለሳል። በ1889 አራጋፊዎቹ ባደረጉት ታላቅ የሥራ ማቆም አድማ ደመወዛቸው በሰዓት ስድስት ፔንስ እንዲሆን ጠይቀው አገኙ። ነገር ግን በበሩ ላይ የሚደረገው ምርጫ አልቀረም።

ይህን ኑሮ በቅርብ ካዩት አንዱ ዊልያም ቤቨሪጅ ነው። ቤቨሪጅ ከ1903 እስከ 1905 በምሥራቅ ለንደን በቶይንቢ ሆል ሠርቷል፤ በ1907 ደግሞ ወደ ጀርመን ሄዶ በዚያ የነበሩትን የሥራ አገናኝ ቢሮዎች ተመልክቷል። በ1909 ባሳተመው መጽሐፍ ሥራ ማጣት ከሰው ስንፍና ብቻ የሚመጣ ሳይሆን ከኢንዱስትሪው አሠራር የሚወለድ መሆኑን አስረዳ። አስተያየቱ በአጭሩ እንዲህ ነው። ለምሳሌ ያህል አሥር አሠሪዎች ቢኖሩ፥ እያንዳንዱ ሥራ ሲበዛበት የሚጠራቸውን ሰዎች በደጁ ያስጠብቃል። ሥራው በአሥሩም ዘንድ ባንድ ቀን ስለማይበዛ፥ ጠባቂዎቹ ባንድ መዝገብ ቢሰበሰቡ ከግማሽ ያነሱ ሰዎች ሊበቁ ይችላሉ። የቀሩት በከንቱ ከመጠበቅ ድነው ሌላ ሙያ ይፈልጋሉ።

ዊንስተን ቸርችል በ1908 የንግድ ሚኒስቴር ሹም ሲሆን ቤቨሪጅን ወደ መሥሪያ ቤቱ አስገባው። ሕጉ በመስከረም 1909 ወጣ፤ የካቲት 1 ቀን 1910 ከ60 በላይ ቢሮዎች ባንድ ቀን ተከፈቱ፤ እስከ 1914 ድረስም ቍጥራቸው ከ400 በላይ ሆነ። ሠራተኛው ስሙንና ሙያውን ያስመዘግባል፤ አሠሪው የጐደለውን ሰው ያስታውቃል፤ ጸሐፊው ሁለቱን ያስተያያል። ሥራው የተገኘው በሩቅ ከተማ እንደ ሆነ ለመጓጓዣ የሚሆን ገንዘብ በብድር ለመስጠት ሕጉ ይፈቅድ ነበር።

የሠራተኛ ማኅበራት ግን ነገሩን በጥርጣሬ ተመለከቱት። ቢሮው አድማ ለመስበርና ደመወዝ ለማውረድ መሣሪያ እንዳይሆን ፈሩ፤ ፍርሃታቸውም ያለ ምክንያት አልነበረም። ስለዚህ በሕጉ ውስጥ አንድ ቃል ገባ፤ ይኸውም ሠራተኛው በሙያው የሥራ ክርክር መኖሩን ወይም የቀረበው ደመወዝ በአካባቢው ከተለመደው ማነሱን ምክንያት አድርጎ ሥራውን እንቢ ቢል እንዳይጐዳ የሚያደርግ ነው። በእኛ አስተያየት ከሕጉ ክፍሎች ሁሉ ይህ ቃል የከበረ ነው፤ ያለ እርሱ መዝገቡ ለአሠሪው ብቻ ባገለገለ ነበርና።

በ1911 የወጣው የኢንሹራንስ ሕግ የመሥሪያ ቤቱን መልክ ለወጠው። በተወሰኑ ሙያዎች ያሉ ሠራተኞች ሥራ ሲያጡ በሳምንት 7 ሺልንግ እንዲቀበሉ ተፈቀደ፤ ገንዘቡም የሚከፈለው በዚሁ ቢሮ በኩል ሆነ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ቢሮው ሥራ ካገኘለት ገንዘቡ ይቀራል፥ ሥራ ካጣለት ገንዘቡ ይሰጠዋል። ዳሩ ግን በ1921 የሥራ ፈቶች ቍጥር ከ2 ሚሊዮን ሲያልፍ፥ በቢሮዎቹ ፊት የሚታየው ረጅም ሰልፍ ሥራ ፍለጋ ሳይሆን ገንዘብ ለመቀበል ሆነ። ስሙም በሕዝብ ዘንድ ከችግር ጋር ተያያዘ። መንግሥት ከ1973 ጀምሮ ጆብ ሴንተር የተባሉትን ቢሮዎች ሲከፍት ሁለቱን ተግባር ለመለየት ሞከረ፤ በ2002 ደግሞ መልሶ አጋጠማቸው።

የሚያስገርመው፥ ሐሳቡን የወለደው የወደብ ሥራ ራሱ ለረጅም ጊዜ ሳይታረም መቅረቱ ነው። ለአራጋፊዎች ልዩ የምዝገባ ደንብ የወጣላቸው በ1947 ነው፤ የዕለት ቅጥር የቆመውም በ1967 ነው። ከዚህ እንደምንረዳው መዝገብ ያለውን ሥራ ያሳያል እንጂ ሥራ አይፈጥርም፤ አሠሪዎቹም ልማዳቸውን ለመተው ካልተገደዱ መዝገቡ ብቻውን አያስተዋቸውም።

ይህ ታሪክ ለእኛም ሩቅ አይደለም። የዓለም የሥራ ድርጅት በ1919 ባወጣው ስምምነት ያለ ዋጋ የሚሠሩ የሕዝብ የሥራ አገናኝ ቢሮዎች እንዲቋቋሙ ጠየቀ፤ በ1948 ደግሞ በዚሁ ነገር ላይ 88ኛውን ስምምነት አወጣ፤ ኢትዮጵያም ይህንኑ በ1963 ተቀበለች። እንግዲህ ስለዚህ ቢሮ ስንመረምር የተመዘገቡትን ሰዎች ብዛት መቍጠር አይበቃም። ሠራተኛው የማይገባውን ደመወዝ ያለ ፍርሃት እንቢ ሊል ይችላልን? አሠሪውስ ከደጁ ይልቅ መዝገቡን ያምናልን? የመሥሪያ ቤቱ ዋጋ በእነዚህ በሁለቱ ጥያቄዎች ይመዘናል ብለን እናምናለን።