የልጅነት ጀግና ሲታደስ

ከሊማሊሞ ቁልቁለት በታች ባለችው ዛሪማ፣ እንደ ሌላው ገጠራችን ሁሉ፣ ሕፃን ጀግናውን የሚያውቀው በጆሮው ነበር፤ ይኸውም ጉልበተኛውን አያ ጅቦን በብልሃት የምትረታው እመት ጦጢት ናት። በ1957 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሲቋቋም፣ የምድጃ ዳሩን ተረት ወደ መስኮቱ ያሻገሩት ተስፋዬ ሣህሉ ናቸው። «አባባ ተስፋዬ» ከአርባ ዓመት በላይ ለልጆች ተርተው በ2009 ዓ.ም. ዐረፉ። የድሮ ቅጅያቸው ዛሬ ሲታይ ጎልማሳውን የሚያባባው የምስሉ ጥራት ሳይሆን «ልጆች» የሚለው ድምፅ ነው።

አሜሪካዊው የልጆች ጀግና ድራማ «ፓወር ሬንጀርስ»፣ እ.ኤ.አ. በ1993 ተጀምሮ በ2010 በአዲስ የምስል ቅብ ሲታይ፣ ብዙ የቀድሞ ወዳጆቹን ቅር አሰኝቷል። እንግዲህ ማደስ አቧራን መጥረግ እንጂ ፊትን መለወጥ አይደለም። የአባባ ተስፋዬም ቅጅ ይጽዳ፤ ድምፁ ግን አይነካ።