የቤተሰብ ሐኪሞችና የባህል መድኃኒት መረጃ በጎንደር

የቤተሰብ ሐኪም በአንድ አካባቢ ለሚኖሩ ሰዎች፣ ከሕፃን እስከ አዛውንት፣ የመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና የሚሰጥና የቤተሰቡን የጤና ታሪክ በቅርብ የሚያውቅ ሐኪም ነው። ወደ እርሱ የሚመጣ ሕመምተኛ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ ቤት ውስጥ አንድ ነገር ሞክሯል፦ ዳማ ከሴ ጨምቆ ጠጥቷል፣ ነጭ ሽንኩርት በማር በልቷል፣ ወጌሻ ዘንድ ሄዷል፣ ወይም ጸበል ተጠምቋል። ሐኪሙ ስለእነዚህ ነገሮች ምን ማወቅ ያስፈልገዋል? መረጃውንስ ከየት ያገኛል? ይህ መጣጥፍ ጉዳዩን በጎንደርና በአዘዞ አካባቢ ያለውን ሁኔታ መነሻ አድርጎ ይመለከታል።

በኢትዮጵያ ያለው ሁኔታ

በኢትዮጵያ የቤተሰብ ሕክምና እንደ ልዩ ሙያ ትምህርት መሰጠት የጀመረው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2013 ሲሆን የመጀመሪያዎቹ ተመራቂዎች በ2016 ወጡ። ቁጥራቸው ገና ጥቂት ነው። ስለዚህ ከጎንደር መሃል በስተ ደቡብ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው አዘዞና በመሳሰሉት ቦታዎች የቤተሰብ ሐኪምን ሥራ በአብዛኛው የሚሠሩት የጤና መኮንኖች፣ ጠቅላላ ሐኪሞችና ነርሶች ናቸው። የጤና መኮንን ሙያ ራሱ የጎንደር ልጅ ነው ማለት ይቻላል፤ እ.ኤ.አ. በ1954 የተቋቋመው የጎንደር ሕዝብ ጤና ኮሌጅ፣ የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በቡድን እያሠለጠነ ወደ ገጠር ይልክ ነበር።

ታሪክ

ጎንደር የመድኃኒት እውቀት የቆየባት ከተማ ናት። ደብተራዎችና መድኃኒት አዋቂዎች የዕፅዋትን ስምና አወሳሰድ በብራና ጽፈው አቆይተዋል። እነዚህን የመድኃኒት ጽሑፎች ፖላንዳዊው ምሁር ስቴፋን ስትሬልሲን ሰብስቦና ተርጉሞ እ.ኤ.አ. በ1968 አሳትሟቸዋል።

እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስም በቤተ መንግሥቱ ፈንጣጣ የያዛቸውን ሲያክም፣ የአገሩን መድኃኒት ደግሞ ከአገሬው ተማረ። በራስ ፊል፣ ማለትም በመተማ በኩል ባለው ቆላ፣ ተቅማጥ ሲይዘው የዳነው ዋጊኖስ በተባለው ተክል እንደሆነ ጽፏል። የተክሉ ሳይንሳዊ ስም፣ ብሩሲያ አንቲዲሴንቴሪካ፣ ከእርሱ ስም የተወሰደ ነው። መድኃኒቱን ያሳዩት ሰዎች ስም ግን በተክሉ ላይ አልቀረም።

ሐኪሙ የማይነገረው

እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ አንድ ጥናት በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የእርግዝና ክትትል የሚያደርጉ እናቶችን ጠይቆ ነበር። ግማሽ ያህሉ በእርግዝናቸው ወቅት የዕፅዋት መድኃኒት ተጠቅመዋል፤ ከሁሉ የበዙት ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ነበሩ። ከተጠቀሙት ከአሥሩ ዘጠኝ ያህሉ ለጤና ባለሙያ አልተናገሩም። ከአንድ ዓመት በፊት በጎንደር ከተማ የደም ግፊት ሕሙማን ላይ በወጣ ሌላ ጥናትም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከሐኪም መድኃኒት ጎን ሌላ ነገር ይጠቀሙ ነበር።

ዝምታው ከሁለቱም ወገን ነው። ሕመምተኛው ቁጣን ይፈራል፣ ወይም ጤና አዳምን በቡና ውስጥ መጨመር «መድኃኒት መውሰድ» ነው ብሎ አያስብም። ሐኪሙ ደግሞ መልሱን ቢሰማ ምን እንደሚያደርግበት ስለማያውቅ አይጠይቅም። «መድኃኒት ይወስዳሉ?» ከሚለው ይልቅ «እማማ፣ ወደዚህ ከመምጣትዎ በፊት ቤት ውስጥ ምን ሞከሩ?» የሚለው ጥያቄ የተሻለ መልስ ያመጣል።

ችግሩ የሚብሰው በጉበት ሕመም ላይ ነው። ዓይን ቢጫ ሲሆን ሕዝቡ «የወፍ በሽታ» ይለዋል፤ መድኃኒቱም ከአዋቂ እንጂ ከሆስፒታል አይገኝም ተብሎ በሰፊው ይታመናል። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒቶች የሆኑት አይሶናያዚድ፣ ሪፋምፒሲንና ፓይራዚናማይድ ደግሞ ጉበትን ሊጎዱ ይችላሉ። የነቀርሳ መድኃኒት የጀመረ ሰው ዓይኑ ቢጫ ቢሆንበትና በዝምታ ወደ አዋቂ ቢሄድ፣ ማቆም ወይም መቀየር ያለበትን ክኒን እየዋጠ በላዩ ምንነቱ ያልታወቀ ቅጠል ይጨምራል። ኋላ ጤና ጣቢያ ሲደርስ ጉበቱን የጎዳው ክኒኑ ይሁን ቅጠሉ መለየት እጅግ ይከብዳል።

የሚያስፈልገው መረጃ

ሐኪሙ በመጀመሪያ የሚፈልገው ተክሉ ይፈውሳል ወይስ አይፈውስም የሚለውን ሳይሆን ጉዳት አለው ወይ የሚለውን ነው። ነጭ ሽንኩርት በብዛት ሲወሰድ የዋርፋሪንን ደም የማቅጠን ኃይል ሊያባብስ ይችላል። አብሽ የደም ስኳርን ስለሚቀንስ የስኳር መድኃኒት ከሚወስድ ሰው ጋር መነጋገር ያሻል። ጤና አዳም በብዛት ከተወሰደ ለነፍሰ ጡር አደገኛ ነው፤ ጭማቂው ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል። ኮሶ የኮሶ ትልን ያስወጣል፣ መጠኑ ሲበዛ ግን ዓይንን እስከ ማጥፋት ሊደርስ ይችላል። መጠኑ ደግሞ በሲኒና በእፍኝ የሚለካ ስለሆነ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ይለያያል።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ1999 ጀምሮ በየተራ ያሳተማቸው የመድኃኒት ዕፅዋት ጥራዞች ስለ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና አብሽ በቂ መረጃ ይሰጣሉ። አገር በቀል ለሆኑት ግን ሐኪሙ በየመጽሔቱ የተበተኑ ጥናቶችን መልቀም ይኖርበታል፤ አብዛኞቹም በእንግሊዝኛ የተጻፉና በአይጥ ላይ የተደረጉ ናቸው።

የስም ጉዳይ

ለኮምፒዩተር መረጃ ቋት ትልቁ እንቅፋት ስም ነው። ስሚዛና ሰንሰል አንድ ተክል ናቸው። «አባሎ» ደግሞ በአንዱ ቦታ ዋጊኖስን፣ በሌላው ፈጽሞ የተለየ ዛፍን ይጠራል፤ ስሙን ብቻ የመዘገበ ሐኪም የትኛውን እንደመዘገበ አያውቅም። ፊደሉም የራሱን ችግር ይጨምራል፦ «ዳማ ከሴ» እና «ዳማከሴ»፣ «ጸበል» እና «ፀበል» ለፍለጋ ሞተር የተለያዩ ቃላት ናቸው። ስለዚህ የሚረዳ ቋት የአካባቢውን ስሞች ሁሉ ከአንድ ሳይንሳዊ ስምና ከፎቶ ጋር ማያያዝ፣ ሞክሼ ፊደላትንም እንደ አንድ መቁጠር አለበት። ይህ ከባድ ሥራ አይደለም፤ ከባዱ ቅጠሉን በእጅ ይዞ ከሚያውቀው ሰው ጋር ቁጭ ማለት ነው። አዋቂዎች እውቀታቸውን ለልጃቸው ብቻ የሚያስተላልፉት ምስጢር አድርገው ስለሚይዙት በቀላሉ አይናገሩም።

ፖሊሲና እምነት

እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው የጤና ፖሊሲ ጠቃሚ የባህል ሕክምና ዘርፎች እንዲጠኑና ቀስ በቀስ ከዘመናዊው ጋር እንዲቀናጁ ይላል። ጸበልን በተመለከተ በ2007 ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ምእመናን የኤችአይቪ መድኃኒትን ከጸበል ጋር አብረው እንዲወስዱ በይፋ መክረዋል። ይህ ለሐኪሞች ትልቅ እገዛ ነበር፤ ሕመምተኛው ከሁለቱ አንዱን እንዲመርጥ ሳያስገድዱ ክኒኑን እንዳያቋርጥ መምከር አስችሏቸዋል።