የምላጭ ጎንና የሞረድ ድንጋይ

ጠዋት ወደ መሥሪያ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት በመስተዋት ፊት ቆማችሁ ጢማችሁን ስትላጩ የምታስቡት ስለ ምላጩ ስለት ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ስለቱ የሰላ እንደ ሆነ ትላጩበታላችሁ፤ የደነዘ እንደ ሆነ ትጥሉታላችሁ። ተጠቅሞ የሚጣለው ስስ ምላጭ ከመምጣቱ በፊት ግን የአውሮፓ ሰው ይላጭ የነበረው በእጀታው ውስጥ በሚታጠፍ ረጅም ምላጭ ነበር። ለዚያ ምላጭ ዋናው ነገር ስለቱ ብቻ አልነበረም፤ ከጀርባው እስከ ስለቱ ያለው ጎኑ በምን ቅርጽ እንደ ተሞረደ ጭምር ነበር እንጂ። ዛሬ የምንተርክላችሁ የዚህን ጎን ታሪክ ነው። የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

የቀድሞው ምላጭ እንጨት እንደሚፈለጥበት ሽብልቅ ነበር፤ ጀርባው ወፍራም፥ ሁለቱ ጎኖቹም ለጥ ያሉ ነበሩ። ከባድና ግትር ስለ ነበረ ጠንካራ ጢም ሲገጥመው አይታጠፍም፥ አይንቀጠቀጥም። ችግሩ የሚመጣው በመሳያው ድንጋይ ላይ ነበር። ቢላዋ ሲሳል ጀርባው ከድንጋዩ ከፍ ይላል፤ ምላጭ ግን ጀርባውም ስለቱም ባንድነት ድንጋዩ ላይ ተኝተው ይሳላል። እንግዲህ ሽብልቁ ሲሳል ጎኑ በሙሉ ድንጋዩን ስለሚነካ፥ ጥቂት ስለት ለማውጣት ብዙ ብረት መፋቅ ግድ ይሆናል። ጎኑ ወደ ውስጥ የጎደጎደ እንደ ሆነ ግን ድንጋዩን የሚነኩት ጀርባውና ስለቱ ብቻ ስለ ሆኑ ድካሙ ይቀላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነገር ማንሣት ያስፈልጋል። ጎድጓዳው ምላጭ ከሽብልቁ ይልቅ ስል ነው ይባላል፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። የስለቱን ማዕዘን የሚወስነው የጀርባው ውፍረትና የምላጩ ስፋት ነው፤ ይኸውም በብዙዎቹ ምላጮች ከ16 እስከ 17 ዲግሪ ገደማ ነው። ጎኑ ቢጎደጉድም ባይጎደጉድም ማዕዘኑ ያው ነው። የሚለወጠው ከስለቱ በስተኋላ ያለው ብረት ስስነት ነው። እጅግ የጎደጎደ ምላጭ ጢሙን ሲቈርጥ ይነዝራል፥ ድምፅም ያሰማል፤ የሚላጨው ሰው እጁ የሚሠራውን በጆሮው ይሰማዋል። ነገር ግን እጁን ለሚጫን ሰው ስለቱ ይለመጥበታል፥ ቆዳውንም ይቈርጠዋል። በእኔ ግምት ለጀማሪ የሚሻለው በመጠኑ ብቻ የጎደጎደው ነው።

ታዲያ ምላጭን አስቀድሞ እንዲህ ማሳሳት ለምን አልተቻለም? ዋናው ምክንያት ብረቱ ነበር። የጥንቱ ዐረብ ብረት ጥንካሬው አንድ ወጥ ስላልነበረ በጣም ሲሳሳ አይታመንም ነበር። በ1740 ገደማ ቤንጃሚን ሀንትስማን የሚባል እንግሊዛዊ ሰዓት ሠሪ ለሰዓቶቹ ጥሩ ሞላ ሲፈልግ፥ ብረቱን በሸክላ ማቅለጫ ውስጥ ፈጽሞ አቅልጦ አንድ ወጥ ማድረግ ቻለ። የሥራው ቦታ ሸፊልድ ከተማ አጠገብ ነበር። የከተማው ቢላዋ ሠሪዎች ግን በጣም ጠንክሮብናል ብለው መጀመሪያ እንዳልተቀበሉት፥ የፈረንሳይ ሰዎች ገዝተው ሲሠሩበት ጊዜ እንደ ደነገጡ ይነገራል። በ1769 ደግሞ ዣን ዣክ ፔሬ የተባለ የፓሪስ ቢላዋ ሠሪ ሰው ራሱን በራሱ እንዲላጭ የሚያስተምር መጽሐፍ አሳተመ። ታላቁ ሊቅ ማይክል ፋራዴይም ከቢላዋ ሠሪው ከጄምስ ስቶዳርት ጋር ሆኖ ብረትን ከልዩ ልዩ ማዕድን ጋር ቀላቅሎ መርምሯል፤ የምርመራውንም ውጤት በ1820ና በ1822 አሳትመዋል። ከቅልቅሎቹ አንዱ ከ500 እጅ አንድ እጅ ብር ያለበት ነበር። ፋራዴይ በዚህ ሥራ ከተገኘው ብረት የተሠሩ ምላጮችን ለወዳጆቹ በስጦታ ሰጥቷል።

ብረቱ ከተገኘ በኋላ የቀረው የሞራጁ ሥራ ነበር። የጎኑ ጕድጓድ የሚመጣው ከሚሽከረከረው የሞረድ ድንጋይ ክብነት ነው፤ ድንጋዩ ባነሰ መጠን ጕድጓዱ ይጠልቃል። የሸፊልድ ሞራጅ በፈረስ ላይ እንደ ተቀመጠ ሰው በእንጨት ወንበር ላይ ተፈናጦ፥ ፊቱን ወደ ድንጋዩ ዘንበል አድርጎ ይሠራ ነበር። ከድንጋዩና ከብረቱ የሚነሣው ትቢያ ሳምባውን ይበላዋል። ናይት የተባለ የዚያው ከተማ ሐኪም ያየውን ፍሬድሪክ ኤንግልስ በ1845 ባሳተመው መጽሐፍ ጠቅሶታል፤ በደረቅ ድንጋይ የሚሠሩት ሹካ ሞራጆች ከ28 እስከ 32 ዓመት ባለው ዕድሜያቸው ይሞቱ ነበር። በደረቅም በርጥብም ድንጋይ የሚሠሩት ምላጭ ሞራጆች ግን ከ40 እስከ 45 ይደርሱ ነበር። ትቢያውን የሚስብ መሣሪያ ተፈልስፎ ሳለ ከሞራጆቹ ብዙዎቹ አልፈለጉትም። ሥራው አደገኛ መሆኑ ከቀረ ሌላ ሠራተኛ ይጎርፍና ደመወዛችን ይወድቃል ብለው ፈሩ። አንባብያን ሆይ፤ ሞኝነት ነው ብላችሁ ከመፍረዳችሁ በፊት፥ እነዚያ ሰዎች ልጆቻቸውን የሚያበሉት በዚያ ደመወዝ መሆኑን አስቡ።

በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ እጅግ የጎደጎደውን ምላጭ በመሥራት ስሟ የገነነው የጀርመኗ ዞሊንገን ነበረች። ሞራጆቿ ቀድሞ በቩፐር ወንዝ ዳር ባሉ የውኃ ቤቶች ይሠሩ ነበር፤ በኋላ ግን የሞረድ ድንጋዩን የሚያሽከረክረው ሞተር ሆነ። ከሥራዎቻቸው በአንዳንዱ ምላጭ ላይ በጀርባውና በስለቱ መካከል ቀጭን ጉብታ ያስቀሩ ነበር፤ ይህም ስሱ ብረት ከልክ በላይ እንዳይለመጥ ይደግፈዋል። የከተማዋ ስም እንዲሁ በማንም ዕቃ ላይ እንዳይታተም በ1938 በሕግ ተጠብቋል።

ይሁን እንጂ አሜሪካዊው ኪንግ ካምፕ ጂሌት የጎኑን ጥያቄ በሌላ መንገድ ፈታው። እርሱ ያሰበው ከስስ ቆርቆሮ የሚቈረጥ ምላጭ ነበር፤ ግትርነቱን የሚያገኘው ከወፍራም ጀርባ ሳይሆን ከሚያጣብቀው መያዣ ነው። ስለዚህ ጎኑን መጎድጎድ አላስፈለገም። ለሽያጭ በቀረበበት በ1903 የተሸጡት መያዣዎች 51 ብቻ ነበሩ። በቩፐር ዳር ከነበሩት የውኃ ቤቶች ጥቂቶቹ ግን ዛሬም ቆመዋል፤ ጎብኚ ገብቶ የሞረዱን ድንጋይ ሊያይ ይችላል።