ሕግ የፈጠረው ባዕድ

እ.ኤ.አ. በ1972 የኡጋንዳ ገዥ የነበሩት ኢዲ አሚን የአገሪቱ እስያውያን በ90 ቀን ውስጥ አገር ለቀው እንዲወጡ አዘዙ። ነጋዴው፣ ሐኪሙ፣ መምህሩ ንብረቱን ጥሎ ተሰደደ። ካምፓላ ያደጉት፣ ኋላ የታወቁ ምሁር የሆኑት ወጣቱ ማህሙድ ማምዳኒም ለንደን ውስጥ የስደተኞች መጠለያ ገቡ፤ በዓመቱ «ከዜጋ ወደ ስደተኛ» የተሰኘ መጽሐፍ አሳተሙ። አሚን ከሥልጣን ወድቀው እርሳቸው ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላም፣ መንግሥትን በመተቸታቸው በፕሬዚዳንት ሚልተን ኦቦቴ ዘመን ዜግነታቸውን ተነጠቁ።

የማምዳኒ የምርምር ዘመን በአንድ ጥያቄ የተያዘ ነው፤ ሰውን በኖረበት አገር ባዕድ የሚያደርገው ምንድን ነው?

መልሱን ያገኙት በቅኝ ገዥዎች ሕግ ውስጥ ነው። በ1996 የታተመው «ዜጋና ተገዥ» እንደሚያስረዳው፣ ቅኝ ገዥው በአገሬው አለቆች በኩል በሚገዛበት በተዘዋዋሪ አገዛዝ ሕዝቡ በሁለት ሕግ ተለያይቶ ተያዘ። አውሮፓዊውና ከእርሱ በታች የተመደበው እስያዊ በ«ዘር» ተደልድለው በፍትሐ ብሔር ሕግ ይዳኛሉ። የገጠሩ አፍሪካዊ ግን በ«ጎሳ» ተከፋፍሎ፣ የአባቶች ልማድ በተባለ ሕግ በአለቃው እጅ ይወድቃል። አለቃው ራሱ ደንብ አውጪ፣ ራሱ ግብር ሰብሳቢ፣ ራሱ ዳኛ ነበር። ከሌላ ጎሳ መጥቶ የሰፈረ ገበሬ ደግሞ የመሬት መብቱ ጠበበ፤ ጎረቤትነቱ ቀርቶ መጤ ተባለ።

ሩዋንዳ ላይ ይህ ክፍፍል የከፋ መዘዝ አመጣ። ቤልጂየሞች በ1930ዎቹ ሁቱና ቱትሲ የሚል መታወቂያ አደሉ፤ ቱትሲውን ከሌላ ምድር የመጣ ዘር፣ ሁቱውን የአገሩ ተወላጅ አድርገው ለዩ። ማምዳኒ በ2001 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ በ1994ቱ የዘር ማጥፋት ገዳዩ ጎረቤቱን እንደ ወራሪ እንዲያይ መንገድ የጠረገው ይህ እንደሆነ ይሞግታሉ።

በ2020 የወጣው ሥራቸው ነገሩን ከአሜሪካ እስከ ሱዳን ያሰፋዋል፤ አገርን ለአንድ ሕዝብ ብቻ የሚሰጥ ፖለቲካ ባለበት ሁሉ አናሳ ሕዝብ ይፈጠራል ይላሉ። በአብነት የሚያነሡት ደቡብ አፍሪካን ነው፤ ትናንት የተፋለሙት ወገኖች በአንድ አገር አብረው ለመኖር ተደራድረዋልና። በ2019 መባቻ ኒው ዮርክ ታይምስ ላይ ስለ ኢትዮጵያ ሲጽፉም፣ ግዛትና ሥልጣንን በብሔር መደልደል በየክልሉ የሚኖረውን ሌላ ወገን ለአደጋ ያጋልጣል ብለዋል። ሐሳባቸውን የሚቀበልም የሚሞግትም አለ፤ ጥያቄው ግን የእኛም ነው።

የእኚህ ምሁር ሥራ ተስፋ ይሰጣል። መጤነት በደም የሚወረስ ቢሆን ኖሮ መፍትሔ ባልነበረው፤ ሕግ የፈጠረውን ግን ሕግ ሊሽረው ይችላል። ሕገ መንግሥት የሚያረቅቅ ሁሉ «አገሩ የማን ነው?» ከማለቱ በፊት «እዚህ የሚኖረው ማን ነው?» ብሎ ሊጠይቅ ይገባዋል።