ድርጅት አፍ አለው ወይ?

በማኅበራችን ስብሰባ ላይ አንድ ሐሳብ ቀረበ፦ በድንበር ቀረጥ ጉዳይ መግለጫ እናውጣ፤ ወጪው ከማኅበሩ ካዝና ይሸፈን። ግማሾቻችን ደገፍን። ሌሎቻችን ደግሞ «በእኛ መዋጮ እኛ ያላመንበት ለምን ይነገራል?» አልን። ጥያቄው የቆየ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሷል።

እ.ኤ.አ. በ1976 የማሳቹሴትስ ግዛት አንድ ሐሳብ ለሕዝበ ውሳኔ አቀረበች፦ የግለሰቦች የገቢ ግብር ገቢያቸው ባደገ ቁጥር መጠኑ ከፍ እንዲል። የቦስተኑ ፈርስት ናሽናል ባንክና ምላጭ አምራቹ ጂሌት ያሉባቸው አምስት ድርጅቶች ገንዘብ አውጥተው ሊቃወሙት ፈለጉ። የግዛቷ ሕግ ግን ድርጅቶች ንግዳቸውን በማይነካ ሕዝበ ውሳኔ ላይ ገንዘብ እንዳያወጡ ይከለክል ነበር፤ የግለሰብ ገቢ ግብርም እንደማይነካቸው አስቀድሞ ደንግጓል። ቅጣቱ ለድርጅቱ እስከ 50,000 ዶላር፣ ለኃላፊው እስከ አንድ ዓመት እስራት ይደርሳል።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1978 በ5 ለ4 ድምፅ ለድርጅቶቹ ፈረደ። ዳኛ ፓወል ንግግር ለሕዝብ የሚሰጠው ጥቅም በተናጋሪው ማንነት አይለካም አሉ። ዳኛ ኋይት ተቃወሙ፦ ድርጅትን የፈጠረው መንግሥት ነው፤ ባለአክሲዮኑም የማያምንበትን ሐሳብ በገንዘቡ እንዲደግፍ ሊገደድ አይገባም። በ2010 ያው ፍርድ ቤት፣ አሁንም በ5 ለ4፣ ድርጅቶች በምርጫ ጊዜም በራሳቸው ስም እንዲቀሰቅሱ ፈቀደ። ለፌዴራል ዕጩዎች በቀጥታ ገንዘብ መስጠት ግን ከ1907 ጀምሮ እንደተከለከለ ነው።

በዚያው በ2010 የጸደቀው የኬንያ ሕገ መንግሥትም «ሰው» ሲል ኩባንያንና ማኅበርን እንደሚጨምር በአንቀጽ 260 ይገልጻል። አንቀጽ 33 ደግሞ ሐሳብን የመግለጽ መብትን ለማንኛውም «ሰው» ይሰጣል። ስለዚህ ከሞያሌ ወዲያ ማዶ ለምንነግድ ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም።

ንግድ ሥራ ስንማር ድርጅት የሕግ ሰውነት አለው ተብለናል፤ ይከሳል፣ ይከሰሳል፣ ይዋዋላል። ምላሱ ግን ከአባላቱ የተዋሰው ነው። ፓወል ራሳቸው ድርጅቱ ይናገር አይናገር የሚለውን በመጨረሻ ባለአክሲዮኖቹ በድርጅቱ ሥርዓት ሊወስኑት ይችላሉ ብለዋል። እኛም ከመግለጫው በፊት መተዳደሪያ ደንባችንን ብናስተካክል ይሻላል፦ በማኅበሩ ስም ማን ይናገራል? በስንት ድምፅ? ያልተስማማችው እህታችንስ መዋጮዋ ይነካባታል ወይ? እዚህ ላይ ከተስማማን ቀረጡ ላይ አንድ ሆነን መናገር አያቅተንም።