ያልተጠየቁት ሚኒስትሮች፦ ከሕግ መወሰኛ እስከ ፌዴሬሽን ምክር ቤት



እኔ ከምኖርበት ከቶርንተን ወደ ደቡብ ጥቂት ሲነዳ ዴንቨር መሃል የኮሎራዶ ካፒቶል ይገኛል። የግዛቲቱ ሴኔት 35 አባላት አሉት። የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች በየዓመቱ በሁለቱ ምክር ቤቶች ኮሚቴዎች ፊት ቀርበው ምን እንደሠሩ ይጠየቃሉ። ይህን ባየሁ ቁጥር ወደ አገሬ እመለሳለሁ። የእኛ የላይኛው ምክር ቤት ሚኒስትር ጠይቆ ያውቃል?

የ1923ቱ ሕገ መንግሥት ሁለት ምክር ቤት አቋቋመ። የላይኛው የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ይባል ነበር፤ አባላቱን የሚሾሙት ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ። በ1948 ሕገ መንግሥቱ ሲሻሻል የታችኛው የሕግ መምሪያ ምክር ቤት በሕዝብ እንዲመረጥ ተፈቀደ። የላይኛው ግን በሹመት ቀጠለ። ሚኒስትሮችን ጠርቶ ስለሚወጣ ሕግ መጠየቅ ይቻል ነበር፤ እምነት ነሥቶ ማውረድ ግን አይቻልም። የሚኒስትሩ ኃላፊነት ለንጉሠ ነገሥቱ ነበር። ሿሚው አንድ ከሆነ ማን ማንን ይጠይቃል?

ዋጋውን የከፈለው ገበሬው ነው። የጭሰኛና የባለመሬትን ግንኙነት የሚያሻሽለው ረቂቅ ሕግ ፓርላማ ገብቶ ሳይጸድቅ አብዮቱ ደረሰ። በ1965 ወሎ ሲራብ መንግሥት ነገሩን ሸፈነው። ሕዝቡ እውነቱን ያየው ከምክር ቤት መድረክ አልነበረም፤ የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም ንጉሡ ሊወርዱ ዋዜማ በቴሌቪዥን ሲታይ ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሡ ወረዱ፣ ፓርላማውም ተበተነ።

ከዚያ በፊት መርማሪ ኮሚሽን ተቋቁሞ የቀድሞ ባለሥልጣናትን መጠየቅ ጀምሮ ነበር። ሥራው ግን ፍርድ ቤት ሳይደርስ በጥይት ተቋረጠ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ሌሊት ከተረሸኑት ስልሳ ያህል ሰዎች መካከል ለረጅም ዘመን ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት አክሊሉ ሀብተ ወልድ ይገኙበታል። የሕግ መወሰኛው ፕሬዚዳንት የነበሩት ሌተና ጄኔራል አቢይ አበበም አብረው ነበሩ። መጠየቅ የነበረበትም፣ መጠየቅ የነበረባቸውም፣ አንድ ጉድጓድ ገቡ። በሕግ ያልተጠየቀ በጠመንጃ ሲጠየቅ መልስ የሚሰማ የለም።

ወደ ዛሬው እንምጣ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን ጠርቶ የመጠየቅ ሥልጣን በአንቀጽ 55 የሰጠው ለተወካዮች ምክር ቤት ነው። የፌዴሬሽን ምክር ቤት ሥልጣን በተዘረዘረበት አንቀጽ 62 ውስጥ ይህ የለም። ሥልጣኑ ግን ትንሽ አይደለም፦ ሕገ መንግሥት ይተረጉማል፣ ለክልሎች የሚሰጠውን ድጎማ ይወስናል፣ በክልል ጣልቃ እንዲገባ ያዛል። በ2012 የምርጫውን መራዘም ያጸደቀው፣ በ2013 በትግራይ ጊዜያዊ አስተዳደር እንዲቋቋም የወሰነውም እሱ ነው።

«ተወካዮች ምክር ቤት ይጠይቃልና ይበቃል» የሚል ይኖራል። አይበቃም። ድጎማውን የሚያከፋፍል ቤት ገንዘቡ ትምህርት ቤት ሆነ ወይስ ጥይት ብሎ የገንዘብ ሚኒስትሩን ፊት ለፊት የመጠየቅ መብት ሊኖረው ይገባል። ስለ ሕገ መንግሥት ማሻሻል በተነሣ ቁጥር የምንሰማው ስለ ሰንደቅ ዓላማና ስለ አንቀጽ 39 ነው። ይህችም ጥያቄ ከዝርዝሩ ትግባ። አባቶቻችን ሳይጠይቁ ያለፉትን፣ ልጆቻችን በጠመንጃ እንዲጠይቁት አናድርግ።

ቸር እንሰንብት።