ከወለጋ ከተሞች ወደ ማዕከል ሰርቨር የሚላኩ ፋይሎች ሲስተጓጎሉ

የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ቀን ሲዘጋ ከነቀምቴ፣ ከጊምቢ፣ ከደምቢ ዶሎና ከሻምቡ የሚነሡ የሒሳብና የሥራ ሪፖርቶች በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ ማዕከል ሰርቨሮች ይጎርፋሉ። አንድ ፋይል መንገድ ላይ ቢቀር የሚቸገረው ላኪው ባለሙያ ብቻ ሳይሆን ክፍያው የሚዘገይበት ሠራተኛና መድኃኒት የሚጠባበቀው ጤና ጣቢያ ጭምር ነው። ይህ ማብራሪያ የተዘጋጀው የመረጃ ቴክኖሎጂ ባለሙያ በአቅራቢያቸው ለማያገኙ የዞንና የወረዳ ጽሕፈት ቤት ሠራተኞች ነው።

ፋይሉ አልላክ ሲል ደጋግሞ ከመሞከር አስቀድሞ በስክሪኑ ላይ የወጣውን ቁጥር ማንበብ ይገባል። በኤፍቲፒ አሠራር 530 የመለያ ስም ወይም የይለፍ ቃል ተቀባይነት ማጣቱን ያመለክታል፤ በዚህ ጊዜ በግምት መሞከር መለያውን ሊያስቆልፍ ይችላል። 550 ፎልደሩ አለመገኘቱን ወይም ላኪው ፈቃድ የሌለው መሆኑን፣ 552 ደግሞ የተመደበው ቦታ መሙላቱን ይገልጻል። እነዚህን የሚፈታው የሰርቨሩ አስተዳዳሪ ብቻ ስለሆነ ከላኪው የሚጠበቀው ማሳወቅ ነው።

ብዙዎችን ግራ የሚያጋባው 425 ነው። ኤፍቲፒ ትእዛዝን በፖርት 21፣ ፋይሉን ግን በሌላ መስመር ያስተላልፋል። ስለዚህ ወደ ሰርቨሩ መግባት ተችሎ የፎልደሩ ዝርዝር ላይታይ ይችላል፤ ሁለተኛውን መስመር ፋየርዎል ዘግቶታል ማለት ነው። በመላኪያ ፕሮግራሙ ላይ «ፓሲቭ» የሚለውን መምረጥ ብዙ ጊዜ ችግሩን ይፈታል። ኤፍቲፒ የይለፍ ቃልን ሳይመሰጥር ስለሚልክ ሰርቨሩ የሚፈቅድ ከሆነ በአንድ መስመር፣ በፖርት 22 የሚሠራውን ኤስኤፍቲፒ መጠቀም ይመረጣል።

426 ዝውውሩ በመካከል መቋረጡን ያሳያል። ወረዳኔት በ1990ዎቹ ሲዘረጋ ብዙ ወረዳዎች የተገናኙት በሳተላይት ነበር። ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ስለሚገኝ መልእክት ደርሶ ማረጋገጫው እስኪመለስ ከግማሽ ሰከንድ በላይ ይወስዳል። በየ64 ኪሎባይቱ ማረጋገጫ የሚጠብቅ የቆየ ፕሮግራም፣ መስመሩ የቱንም ያህል ሰፊ ቢሆን፣ በሰከንድ ከ1 ሜጋቢት በላይ አይልክም። በእንዲህ ዓይነት መስመር ትልቁን ፋይል አጭቆና ከፋፍሎ መላክ፣ ሲቋረጥም ከመጀመሪያው ሳይሆን ከቆመበት እንዲቀጥል ማዘዝ ያዋጣል።

ሁለት ችግሮች ደግሞ ከዘመን አቆጣጠራችን ጋር የተያያዙ ናቸው። በፋይል ስም ውስጥ ቀንን «30/10/2016» ብሎ መጻፍ አይቻልም፤ ዝባዙ ፎልደር መለያ ስለሆነ በሰረዝ ይተካ። የኮምፒውተሩን ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ማስተካከልም የሰርቨሩን የደኅንነት ሰርተፍኬት «ጊዜው ገና ነው» አሰኝቶ ግንኙነቱን ያስከለክላል። መብራት በሄደ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ የሚመለስ ኮምፒውተር የማዘርቦርድ ባትሪው ይቀየር፤ ዋጋው አነስተኛ ነው።

«ተልኳል» ማለት «ደርሷል» ማለት አይደለም። በሰርቨሩ ላይ የተቀመጠው ፋይል መጠን ከዋናው ጋር እስከ መጨረሻው ባይት መመሳከር አለበት። መጠኑ በጥቂቱ ከተለያየና ፋይሉ ካልተከፈተ በጽሑፍ ስልት ተልኮ ሊሆን ስለሚችል «ባይነሪ» በሚለው እንደገና ይላክ።

በ2012 ዓ.ም. በምዕራብ ኦሮሚያ ለወራት የቆየው የስልክና የኢንተርኔት መቋረጥ እንዳሳየው፣ መስመሩ ጨርሶ የሚጠፋበት ጊዜም አለ። በዚህ ጊዜ ፋይሉ በይለፍ ቃል ተቆልፎ በፍላሽ፣ ከሸኚ ደብዳቤ ጋር በሠራተኛ እጅ ይላክ፤ የይለፍ ቃሉ ግን በተለየ መንገድ ይድረስ። የሠራተኞችን ወይም የታካሚዎችን ዝርዝር በግል ቴሌግራም መላክ ፈጣን ቢመስልም በግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ረገድ ተጠያቂነትን ሊያስከትል ይችላል።

ለባለሙያ ሲደወል የስሕተቱ ቁጥር፣ ችግሩ የተከሠተበት ሰዓት፣ የፋይሉ መጠንና ዝውውሩ የቆመበት መቶኛ ተመዝግቦ ይቅረብ። ሰዓቱ ሲነገር «ከጠዋቱ» ወይም «ከሌሊቱ» መባል አለበት፤ የሰርቨሩ መዝገብ ከእኛ በስድስት ሰዓት በሚለይ አቆጣጠር ሊሆን ይችላልና።